ውርንጭላዋ ለምን ትከተላታለች? ትንንሽ ልጆች እንስሳትንና ልጆቻቸውን በጨዋታ የሚያውቁበት መንገድ

ደሴ ውስጥ ሕፃናት ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን የክፍሌ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፖስተር ነበር። አንበሳ ከነደቦሉ፣ ላም ከነጥጃዋ፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ። ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ሁሉንም በቃላቸው ያዙት። «የአንበሳ ልጅ?» ስላቸው «ደቦል!» ብለው ቤቱን ያናጉት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ጭነት የተሸከመች አህያ በበሩ በኩል አለፈች። ውርንጭላዋ ከኋላ ከኋላዋ ዱብ ዱብ ትላለች። አንድ የአራት ዓመት ልጅ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ አየና «ቲቸር፣ ትንሿ አህያ ለምንድነው የምትከተላት?» አለኝ። ይህ ልጅ «የአህያ ልጅ ውርንጭላ» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ የሚመልስ ነበር። ቃሉን ይዞታል። ከዚያች ከምትሮጠው ትንሽ እንስሳ ጋር ግን አላገናኘውም።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴን ለወጥኩ። አሁን ከቃሉ አልጀምርም። ግልገሉ እናቱን ሲፈልግ፣ እናቱም ስትጠራው ልጆቹ እንዲያዩና እንዲሰሙ አደርጋለሁ። ከዚያ ራሳቸው ግልገል ሆነው ይጫወታሉ። ስሙ ከኋላ ይመጣል፣ ሲመጣም አይጠፋም። ከዚህ በታች የጻፍኩት ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ቤትም ክፍልም ውስጥ ይሠራል፤ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ፦ አራት ጥንድ ብቻ ምረጡ

አንበሳና ዝሆን ይቆዩ። ልጁ በየቀኑ ከሚያየውና ከሚሰማው ጀምሩ። ደሴ ከሆናችሁ ላም፣ በግ፣ ዶሮና አህያ ይበቃሉ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ በበግ ፋንታ ፍየል ብታስገቡ ይሻላል። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ግን ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ወርዳ ቦርከና ዳር ተቀምጣለች። ደጋው የበግ አገር ነው። ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ፍየሉ፣ ቀጥሎም ግመሉ ይበዛል። ልጁ የሚያውቀው የሰፈሩን እንስሳ ነውና ምርጫውን ከሰፈራችሁ ጋር አስማሙት።

ስሞቹን አስቀድማችሁ አጥሩ። የላም ጥጃ፣ የበግም የፍየልም ግልገል፣ የዶሮ ጫጩት፣ የአህያና የፈረስ ውርንጭላ፣ የውሻ ቡችላ። በግና ፍየል አንድ ስም መጋራታቸው ልጆቹን ግራ ያጋባል ብላችሁ አትስጉ። «የበግ ግልገል»፣ «የፍየል ግልገል» እያላችሁ ከነእናቱ ጥሩት። እንዲያውም የማን ልጅ እንደሆነ አብሮ ይያዛል። ለድመት «የድመት ልጅ» ወይም «ግልገል ድመት» በቂ ነው።

አምስትና ስድስት ዓመት ለሞላቸው ግን ጨመር አድርጉላቸው። አማርኛችን በዚህ ሀብታም ነው። ገና የተወለደች ጥጃ እንቦሳ ናት። ጎርመስ ስትል ጊደር ትባላለች፤ ወንዱ ወይፈን ይሆናል። ወጣት ወንድ በግ ጠቦት ነው። እንቁላል መጣል ያልጀመረች ዶሮ ቄብ ናት። አዲስ ቤት ለገባ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ብለን የምንመርቀውንም ንገሯቸው። እንቦሳ የታሰረበት ቤት ላም አለው፣ ወተት አለው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፤ ማታ ቤታቸው ገብተው አያታቸውን ይጠይቃሉ። አያቶች ደግሞ እኔና እናንተ የማናውቀው ብዙ ቃል አላቸው። የሰሙትን ጽፋችሁ ያዙላቸው።

ሁለተኛ፦ ወጥታችሁ እዩ

ከጨዋታው በፊት ማየት ይቀድማል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከብት ያለው ጎረቤት ካላችሁ ጠዋት ላም ስትታለብ አስፈቅዳችሁ ውሰዷቸው። የአገራችን ላም ብዙ ጊዜ ጥጃዋ ካልጠባ ወተቷን አታወርድም። ስለዚህ መጀመሪያ ጥጃው ይለቀቅና ይጠባል። ከዚያ እናቱ አጠገብ ታስሮ ይቆያል፤ እሷም እየላሰችው ትታለባለች። ለሕፃን ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ወተቱ መጀመሪያ የማን እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

ስታዩ ብዙ አታውሩ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጣል አድርጉና ዝም በሉ። «ጥጃው የት ሄደ?» «እናቱ ምን አደረገችው?» «ሲርቅባት ምን አለች?» ልጁ አይቶ ይናገር። በግ ካገኛችሁ እናቲቱ ግልገሏን ስታሸት ጠብቁ። በግ ልጇን በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጠረኑ ትለየዋለች። የሌላዋ ግልገል ሊጠባ ሲመጣ በግንባሯ ትገፋዋለች። ልጆች ይህን አይተው «አውቃዋለች!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግመል ከነልጇ ማሳየት የሚፈልግ የኮምቦልቻ ሰው ባቲ አለለት። ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ገበያው ሰኞ ይቆማል። ሰውም ከብትም በብዛት የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ አንድ ልጅ በአንድ አዋቂ እጅ ይያዝ። ጠዋት ገብቶ ሙቀቱ ሳይበረታ መውጣት ነው።

ጥንቃቄው ላይ ቸልታ የለም። የወለደች ውሻ ጋ ልጅ አይቅረብ፣ የቤታችሁም ብትሆን። ገና የወለደች ላምና እንቁላል የታቀፈች ዶሮም ይቆጣሉ። ልጅን ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። ጫጩትም ሆነ ግልገል ከነካ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ይህን እንደ ጨዋታው መጨረሻ አድርጋችሁ ልመዱት።

ሦስተኛ፦ በጭቃ ሥሩ

ፕላስቲክ እንስሳ መግዛት ይቻላል። ግን ብዙዎቹ ለብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ አንበሳው ከላሟ እኩል የሚሆንበት ጊዜም አለ። እኔ ጭቃ እመርጣለሁ። የገጠር ልጅ የጭቃ ላምና በሬ እየሠራ ነው ያደገው፤ ይህን ለከተማ ልጅ መንፈግ ያሳዝናል።

የሚጣበቅ አፈር ፈልጉ፤ ድንጋዩን ልቀሙለት። ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩና እንደ ዳቦ ሊጥ እሹት። ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ በደቃቁ የተከተፈ ጭድ ጣል አድርጉበት። አሁን ዋናው ነገር፦ መጀመሪያ እናቲቱ ትሠራ። ሁለት የልጅ እፍኝ ጭቃ ይበቃታል። ከዚያ «ለልጇስ ስንት እንቁረስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ራሱ ቀንሶ ይቆርሳል። እግራቸው አጭርና ወፍራም ይሁን፣ ቀጭን ከሆነ ይሰበራል። ለጆሮ የስንዴ ፍሬ፣ ለቀንድ የእንጨት ስንጣሪ ይሆናል። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ፍሬና ስንጣሪ አትስጡ፤ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይከታል።

ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ከወጡ ይሰነጠቃሉ። ደሴ በክረምት ጭጋጉ ስለማይለቅ ምድጃ ካለበት ክፍል ጥግ አስቀምጧቸው። ጭቃ ለማይመቻችሁ ካርቶን ቁረጡ። እናቲቱን በትልቁ፣ ልጇን በትንሹ ስላችሁ እግራቸው ሥር ጠባብ ካርቶን ብትሰኩ ይቆማሉ።

አራተኛ፦ ጨዋታዎቹ

ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጉ። አንድ ጨዋታ ለሳምንት ይበቃል። ለሦስት ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ሃያ ደቂቃ።

እኔ ከሁሉም የምወደው «እናቴ የት ናት» ነው። ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉና በየጆሯቸው አንሾካሹኩላቸው። «አንቺ ላም ነሽ»፣ «አንተ ጥጃ ነህ»፣ «አንቺ በግ ነሽ»፣ «አንተ ግልገል ነህ»። ከዚያ በትኗቸው። እናቶቹ በአንድ በኩል፣ ልጆቹ በሌላ በኩል ይቁሙ። የግልገሎቹን ዓይን በነጠላ ሸፍኑ። መሸፈን የሚፈራ ካለ በእጁ ይከልል፣ አታስገድዱት። አሁን እናቶቹ ይጣሩ። «እምቧ!» «ባአአ!» ልጆቹ ድምፅ እየተከተሉ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ ግርግር ይሆናል። ቆይቶ ግን ጸጥ ብለው ማዳመጥ ይጀምራሉ፤ ትምህርቱ እዚያ ላይ ነው። እናትና ልጅ ሲገናኙ ይተቃቀፉና ስማቸውን ይናገሩ፦ «እኔ ላም ነኝ፣ ይህ ጥጃዬ ነው»። ቃሉ የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው። ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ካላችሁ እናንተ እናት ሁኑ፤ ከመጋረጃ ኋላ ሆናችሁ ጥሩት።

ሁለተኛው «ዶሮና ጭልፊት» ነው። አንዷ ልጅ እናት ዶሮ ትሆናለች፤ ጫጩቶቹ ከኋላዋ ወገብ ለወገብ ተያይዘው ይሰለፋሉ። ጭልፊቱ የመጨረሻዋን ጫጩት ለመንጠቅ ይሞክራል። እናት ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ትከላከላለች። ሩጫ ስለሆነ ሜዳ ይፈልጋል። ልክ ሲያበቃ፣ ገና እያለከለኩ ሳለ «እናት ዶሮ ምን አደረገች?» ብላችሁ ጠይቁ። ድብብቆሽም ይጠቅማል። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» የሚለው ተደባቂ ጫጩት ነው በሉ።

ለተረጋጋ ሰዓት ሰፌድ አምጡ። የጭቃ እንስሳቱን ደርድሩ፤ ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን አንዱን ግልገል ከሰፌዱ ሥር ደብቁ። «ልጇ የጠፋባት ማን ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ምን ጠፋ?» አትበሉ። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ማታ ደግሞ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» ልጁ ካቃተው አገር ይሰጣል፦ ሐይቅን፣ ባቲን፣ ኩታበርን። በዚያውም የአካባቢውን ስም ይለምዳል። እኔ ያዘጋጀኋቸውን ሦስቱን ልስጣችሁ። «ከቤቷ ሳትወጣ በግድግዳው ውስጥ ሆና እናቷን ታናግራለች» ጫጩት ናት። ሊፈለፈል አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ከእንቁላሉ ውስጥ ድምፅ ይሰማልና። «ሲወለድ አያይም፣ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ያያል» ቡችላ ነው። «አባቷን ሲጠይቋት እናቷን ትጠራለች» ደግሞ በቅሎ ናት።

በቅሎ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጆች ሁልጊዜ «የበቅሎ ልጅ ማን ይባላል?» ይላሉ። የሚያፍር ወይም የሚያልፍ መምህር አይቻለሁ። መልሱ ቀላል ነው፦ በቅሎ ልጅ የላትም። እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ ነው። ከሁለት ዓይነት እንስሳ ስለተወለደች ራሷ አትወልድም። አባቷን ቢጠይቋት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች የሚባለውም አባቷ አህያ ስለሆነ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል፤ ደጋግሞም ለሰው ይነግራል።

እናቱ ርቃ ላለችበት ልጅ

እዚህ ላይ ሳልጽፍ ባልፍ ራሴን ይቆጨኛል። ደቡብ ወሎ ውስጥ ብዙ እናቶች ለሥራ ዐረብ አገር ናቸው። ልጆቻቸው ከአያት፣ ከአክስት ጋር ያድጋሉ። እናታቸውን በሞት ያጡም አሉ። «እናቴ የት ናት» የሚለውን ጨዋታ ስንጫወት አንዲት ልጅ ጥግ ይዛ ዝም አለች። በኋላ «የኔ እናት ስልክ ውስጥ ናት» አለችኝ። ያን ቀን ጨዋታውን አቋረጥኩት።

አልተውኩትም ግን። አሰፋሁት። አሁን አሳዳጊዎችንም አስገባለሁ። የእኛ አገር ዶሮ የሌላ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹንም ሳትለይ ታሳድጋለች። ይህን ሁሉም ልጅ ግቢው ውስጥ ማየት ይችላል። እናቱ የሞተችበት ግልገል በጡጦ ወተት እየጠጣ ያድጋል፤ ያጠባውን ሰውም እንደ እናት ይከተለዋል። በቦረና ሳይንት ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ደግሞ በመንጋ ያሳድጋል። ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዲት ብትሆንም ሌሎቹ ለቡችሎቹ ምግብ ያመጣሉ፣ ይጠብቋቸዋል።

ስለዚህ ጨዋታው ውስጥ «ማን ያሳድገዋል?» የሚል ዙር ጨምሩ። አንድ ልጅ ግልገል ይሆናል፣ ሌላው አያት፣ ሌላው እረኛ። ማን እንደሚያበላው፣ ማን አቅፎት እንደሚያድር ልጆቹ ራሳቸው ይወስኑ። ያቺ ልጅ አያት ዶሮ መሆን መረጠች፤ ጫጩቶቿን ሁሉ ጋቢ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከመጀመራችሁ በፊት የልጆቻችሁን ቤት እወቁ። «እናትህ እንዲህ ታደርግልሃለች አይደል?» ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ።

ሃያ አንዱ ቀን

ቤታችሁ ወይም ጎረቤት የታቀፈች ዶሮ ካለች ሦስት ሳምንት የሚዘልቅ ጨዋታ አገኛችሁ። እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጃል። በአንድ ብርጭቆ 21 የሽንብራ ፍሬ ቁጠሩ። ልጁ በየማታው አንድ ፍሬ ወደ ሌላ ብርጭቆ ያዛውራል። መቁጠርም መጠበቅም ይማራል።

ሰባተኛው ቀን ላይ፣ ዶሮዋ ለመብላት ስትነሳ አንድ እንቁላል አውጡ። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ከሥሩ ያዙበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታያሉ። ምንም ካልታየ እንቁላሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልሱት፤ በየቀኑ አታውጡት። ያልተፈለፈለ እንቁላል ቢኖር ለልጁ እውነቱን ንገሩት፦ «ይህ ጫጩት አልሆነም» በሉት። ያዝናል፣ ይረሳል። ደብቃችሁ ብትጥሉት ግን ይጠይቃችኋል።

ከጫጩቱ በኋላ ረዘም ያለውን እርግዝና በገመድ አሳዩ። ለአንድ ወር አንድ ቋጠሮ። በግና ፍየል 5፣ ላም 9፣ ፈረስ 11፣ አህያ 12፣ ግመል 13 ገደማ። ለውሻና ለድመት ሁለት ብቻ። የሰውንም 9 ቋጠሮ አጠገቡ አንጠልጥሉ። ልጆቹ ገመዶቹን እያስተካከሉ ይለካሉ። አንዱ የኔ ተማሪ «እኔና ጥጃ እኩል ነን!» ብሎ ክፍሉን ሁሉ ዞረ።

ሕፃን «እንዴት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። «እናቱ ሆድ ውስጥ ማደጊያ ቦታ አለ» ማለት ለዚህ ዕድሜ በቂ ነው። የጠየቀውን ያህል መልሱ፤ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

ግቢ ውስጥ ስለታሰረው በግ

ለአረፋም ለፋሲካም በግ ይገዛል። ልጆች ቅጠል ያበሉታል፣ ስም ያወጡለታል። ደሴ ውስጥ በሁለቱም በዓል ጎረቤት ከጎረቤት ስለሚጠራራ ሁሉም ልጅ ያየዋል። ስለ ግልገልና እናት ስታስተምሩ ከርማችሁ በጉ ሲታረድ ዝም ብትሉ ልጁ ግራ ይገባዋል። ከመጀመሪያው ቀን «ይህ በግ ለበዓል ነው» በሉት። እየተጫወተ ይመግበው፣ በደንብ ይያዘው። እርዱን ማየት ያልፈለገ ልጅ አይገደድ። «በጉ ወደ እናቱ ሄደ» ብሎ መዋሸት ግን አልወድም። ልጆች ቆዳውን ያዩታል።

አራቱ ሲለመዱ

ከዚያ ወዲያ ሩቁን አምጡ። ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚፈራ የደሴ ልጅ ካላችሁ ጅብም እናት መሆኗን ንገሩት። ልጆቿ ሲወለዱ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ከዓመት በላይ ታጠባቸዋለች። ልጅ አልተኛ ሲል «ጅብ መጣልህ» ማለት የለመድን ሰዎች ለዚህ ሰሞን ብንተወው ይጠቅማል። አንበሳና ደቦሉም አሁን ይግቡ። ቢራቢሮን ለስድስት ዓመት ልጆች አቆዩት። ልጇ አባጨጓሬ ነው፣ እናቱንም አይመስልም። ይህ የሚገርማቸው እስከዚያ «ልጅ እናቱን ይመስላል» የሚለውን ካወቁ ነው።

ልጁ ስም ሲሳሳት «ስህተት!» አትበሉ። «ትንሽዬ ላም» ካለ «አዎ፣ ትንሽዬዋ ላም፤ ጥጃ» በሉና እለፉ። በሦስተኛው በአራተኛው ጊዜ ራሱ ይለዋል።

መያዙን ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም። የጭቃ እንስሳቱን ሁሉ ደበላልቃችሁ እንቅብ ውስጥ ክተቱና ልጁ ፊት ድፏቸው። ከዚያ ሌላ ሥራ የያዛችሁ ምሰሉ። ትንሽ ቆይቶ ውርንጭላዋን አንስቶ፣ አህያዋን ፈልጎ፣ ከኋላዋ ያቆማታል። ለራሱም እየተናገረ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስሙት።